ስድስት ብርቱካን ይዤ የሄድኩበት ቤት

የታመመ ሰው ልትጠይቁ ሄዳችሁ በሩ ሳይከፈትላችሁ ቀርቶ ያውቃል? ሰውየው ቤት ስላልነበረ ወይም እንቅልፍ ወስዶት ማለቴ አይደለም። ቤት አለ፣ ነቅቷል፣ በበሩ ቀዳዳ አይቷችኋል፣ ማን እንደሆናችሁም አውቋል። እናንተ ደግሞ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላችሁ ቆማችኋል። ከሚሴ ያላችሁ «ኧረ እንዲህ ያለ ነገር የለም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እዚያ ሳለሁ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳችሁ። አስተማሪ ነበርኩ፤ ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ከሚሴ ውስጥ በአንድ የጤና ኮሌጅ ነርሶችን አስተምር ነበር። የማስተምረው መሠረታዊውን ነገር ነው፤ በሽተኛ እንዴት ይገላበጣል፣ ቁስል እንዴት ይታጠባል፣ የተሠራው ሥራ እንዴት ይጻፋል። ማንኛውንም ነገር «አንደኛ» ብዬ ስለምጀምር ተማሪዎቼ በሌለሁበት «ቲቸር አንደኛ» ይሉኝ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ።

ወደ ጀርመን ልሄድ ከከሚሴ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ በሚነሳው አውቶቡስ ነው። ቤታችን ከዋዜማው ጀምሮ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ክርስቲያን ናት፤ እሷም በራሷ መንገድ መረቀችኝና ያስፈጨችውን በርበሬ ሻንጣዬ ውስጥ በእጇ ጠቅጥቃ አስገባችው። ታናሽ እህቴ ሩቂያ ጓዳ እየገባች ታለቅሳለች። እናቴ አላለቀሰችም። መናኸሪያው በር ላይ ሻርፔን አስተካከለችልኝና፣

«ስሚ ሰዓዳ» አለችኝ፤ «የሰው አገር ነው። ጾሙ ቢከብድሽ፣ ሶላቱ ቢያልፍሽ አላህ ረሒም ነው፣ ከእሱ ጋር ትነጋገሪዋለሽ። የታመመ ሰው ግን ሳትጠይቂ እንዳታድሪ።»

«እሺ እማ።»

«ባዶ እጅሽን ደግሞ እንዳትሄጂ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

አውቶቡሱ ጨፋ ሮቢትን አልፎ ሰንበቴ ሲደርስ የገበያ ቀን ስለነበር ግመሎቹ መንገዱን ሞልተውት ቆምን። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ እኔ «ባያልፉልን» እያልኩ በመስኮት አየኋቸው። አለፉ።

የእናቴን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። እናቴ ሐዋ በከሚሴ የታወቀችው በሽተኛ በመጠየቅ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኞች ፌስታሏን ከሩቅ ለይተው በሩን ይከፍቱላታል። በእኛ አገር ሰው ሲታመም ወሬው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ይደርሳል። አንዱ ስኳር፣ አንዱ ሙዝ፣ ላም ያለው ወተት ይዞ ይመጣል። ገብቶ «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ» ይላል፤ ይቀመጣል። የሚናገረው ባይኖረው እንኳ መቀመጡ ይበቃል። ያልመጣ ሰው ግን ጉድ ፈላበት። በሽታው ከለቀቀ ከዓመት በኋላ «ታምሜ አልጠየቀኝም» ይባላል፤ ቅያሜው ከበሽታው ይረዝማል። ኮሌጃችንም እንደዚሁ ነበር። አንድ መምህር ሁለት ቀን ከቀረ ከክፍል በኋላ የኮሌጁን ዲን አስቀድመን፣ በባጃጅ ተጣብቀን እንሄዳለን። አድራሻ የሚጠይቅ የለም። ለባጃጅ ሹፌሩ ስም ትነግሩታላችሁ፣ ያደርሳችኋል።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ጀርመን የገባሁት።

የምኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ስሟ ይቅር። ግንቦት ላይ ጃኬት ደርቤ እሄዳለሁ። ሱቅ ውስጥ ያለው ማንጎ ድንጋይ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ቢያድር ድንጋይ እንደሆነ ይበሰብሳል እንጂ አይበስልም። ወተቱ የጨፋን ወተት ለቀመሰ ሰው ነጭ ውኃ ነው። ቤት ያከራየኝ ሄር ክራውዘ፣ ሄር ማለት አቶ ማለት ነው፣ መስኮት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት የሚያስረዳ ወረቀት ሰጥቶ ካስፈረመኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረው።

«እንግዳ ይመጣብዎታል?»

«ኢንሻ አላህ፣ እንኳን ደህና ገባሽ ሊሉኝ ይመጣሉ።»

«ስንት ሆነው?»

«እንግዳ ይቆጠራል እንዴ?»

«የውኃውን ሒሳብ የምናካፍለው በሰው ቁጥር ነው። ስንት ሰዓት ነው የሚሄዱት?»

«ገና ሳይመጡ?» አልኩት። መጨነቁን ሳይ አዘንኩለት። ለነገሩ በከንቱ ነው የተጨነቀው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የመጣብኝ እንግዳ የጋዝ ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው።

የምሠራው አረጋውያን በሚኖሩበት የመንከባከቢያ ቤት ነው። ሆስፒታል አይደለም። ሆስፒታል ሰው ድኖ ይወጣበታል፤ እዚህ የገባ ግን አልጋውን፣ የግድግዳ ሰዓቱንና ሁለት ፎቶ ይዞ ገብቶ እዚሁ ነው የሚኖረው፤ እስኪያበቃ። እኔ ባለሁበት ፎቅ ሠላሳ ሁለት ሰዎች አሉ። ልጆቻቸው በአብዛኛው እሑድ ይመጣሉ። በሩ ላይ መዝገብ አለ፤ ጠያቂው የገባበትን ሰዓትና የወጣበትን ሰዓት ይጽፋል። መጀመሪያ ሳየው የመምህራን የሰዓት መፈረሚያ መስሎኝ ነበር።

ሁሉም ነገር ክፉ ነው አልልም። ሄር ኦቶ የሚባሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ያረቡ ሽማግሌ አሉ። የልጆቻቸው ስም ጠፍቷቸዋል። ከሩቂያ የተላከልኝን የሰንበቴን ከብት ገበያ ፎቶ አንድ ቀን በስልኬ ሳሳያቸው ግን መነጽራቸውን አስመጥተው «ይቺኛዋ ጥሩ ወተት አላት፤ ያቺ ግን የኋላ እግሯ ልክ አይደለም፣ እንዳትገዢ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «ገዛሽ?» ይሉኛል። «አልገዛሁም» ስላቸው «ጎበዝ» ይላሉ። ሳልታዘዝ የቀረ ምክር የሌለኝ ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሹመቱ ልምጣ። የፎቃችን ኃላፊ ባለፈው ዓመት ሥራውን ጥላ ሄደች። ቦታው ክፍት ሆኖ ወራት ቆየ፤ የሚፈልገው ሰው አልነበረም። እኔ ለባልደረቦቼ የአልጋ ቁስል እንዴት እንደሚጀምር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ሳስረዳ የቤቱ ዳይሬክተር ፍራው ኬለር በር ላይ ቆማ አየችኝ። ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው። በሳምንቱ ቢሮዋ ጠራችኝና «አንቺ ሥርዓት ትወጃለሽ። ለምን ላይቱንግ አትሆኚም?» አለችኝ። ላይቱንግ ማለት አለቃ ነው። የሙሉው ማዕረግ ስም በአንድ ትንፋሽ አያልቅም፣ ትቼዋለሁ።

እናቴ ስትሰማ ሰው ጠርታ ዱዓ አስደረገች። እኔም ሹመት መስሎኝ ነበር። ሹመትስ ሹመት ነው፤ ግን ላስረዳችሁ። ትናንት አብራችሁ አልጋ የምታነጥፍ ሴት ዛሬ ስትገቡ ወሬዋን ታቋርጣለች። በሽተኛ መንካት ቀርቶ ስለ በሽተኛ መጻፍ ይሆናል ሥራችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዲንስትፕላን አለ፤ የሥራ ተራ ሰሌዳ ማለት ነው። እኔን ጨምሮ ከአሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን መቼ ዓመት ፈቃድ እንደሚወጣ የማወጣው እኔ ነኝ። ሰሌዳውን አሳምሬ እጨርሰዋለሁ፣ ጠዋት ስልክ ይጮኻል፤ «ክራንክ ነኝ»፤ ታምሜያለሁ ማለት ነው። ሰሌዳው ይፈርሳል። ምትክ ከጠፋ ዩኒፎርም ለብሼ እኔው እገባለሁ።

ሹመቱ የስድስት ወር ሙከራ ነበረው። ከጥር እስከ ሰኔ። በሙከራው ጊዜ ፈቃድ የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሁሉም ነገር የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። የካቲት ላይ ግራ እግሯ ቆሰለ። ሩቂያ በቪዲዮ ታሳየኛለች፣ እኔ «ስልኩን አስጠጊው፣ ጠርዙን አሳዪኝ፣ ሽታ አለው?» እያልኩ አስተምራታለሁ። ስንት ተማሪ ያስተማርኩት ነገር በእናቴ እግር ላይ ደረሰ። እጄን ማድረግ ግን አልችልም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የዓመት ሰሌዳ ሐምሌን አየሁና ስሜን በእርሳስ ጻፍኩ፤ ሦስት ሳምንት። ሙከራው እንዳለፈ ከሚሴ እገባለሁ፣ ያን እግር በእጄ አጥባለሁ። ለእናቴ ነገርኳት። «አላህ ለሐምሌ ካገናኘንማ ምን ቀረኝ» አለች።

ሚያዝያ ላይ ፍራው ብራንት ታመመች።

ፍራው ብራንት እኛ ፎቅ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ረዳት ናት። ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ ብዙ የማትናገር፣ ቀርታ የማታውቅ። አንድ ሰኞ ደውላ «ክራንክ» አለች። ሦስት ቀን ሆነ፣ አምስት ቀን ሆነ። ምክትሌን ሚረላን ጠየቅኳት። ሚረላ የአልባኒያ ልጅ ናት፤ እሷም እንደኔ መጤ ናት፣ ግን አሥር ዓመት ቀድማኛለች።

«ምኗን ነው ያመማት?»

«ያ አይጠየቅም።»

«ማን ነው እያየ ያለው?»

«እኔ እንጃ። ብቻዋን ነው የምትኖረው።»

«ማን ሄዶ አያት ታዲያ?»

ሚረላ የመድኃኒት ጋሪውን ቆልፋ «ሰዓዳ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ብቻዋን ነው የምትኖረው» የሚለውን ነው። ሌላው አልገባኝም።

በዘጠነኛው ቀን ሥራ እንደወጣሁ ስድስት ብርቱካን ገዛሁ። አድራሻዋን ከሠራተኞች ማህደር አወጣሁ። አውቶቡስ ያዝኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደወሉን ተጫንኩ። የእግር ኮቴ ሰማሁ። የበሩ ቀዳዳ ጠቆረ።

«ፍራው ብራንት፣ እኔ ነኝ፣ ሰዓዳ።»

ደወሉን ደግሜ ተጫንኩ።

«እንዴት ነሽ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ወረቀቱን ልኬያለሁ» አለች ከውስጥ። «የሐኪም ወረቀቱን ልኬያለሁ!»

«ለወረቀት አይደለም የመጣሁት፣ ብርቱካን ይዤልሽ ነው።»

«ሂጂልኝ።»

«አሞኛል፣ ስለዚህ በር መክፈት አልቻልኩም» ማለቷ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ሰው ምን ያህል የፈለገውን ይሰማል! ፌስታሉን በር እጀታው ላይ አንጠልጥዬ «አላህ ያሽርሽ» ብዬ በአማርኛ ተናግሬ ወረድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ልቤ ቀለል ብሎኝ ነበር። ለእናቴ «ዛሬ አንዲት የታመመች ሴት ጠየቅሁ» ብዬ መልእክት ላክሁላት።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ፍራው ብራንት ከስሳኛለች። ለሚረላ ሳሳያት ጭንቅላቷን ያዘች።

«ቤቷ ሄድሽ? ቤቷ?»

«ታማ እኮ ነው!»

«አለቃ የታመመ ሠራተኛ ቤት የሚሄደው ሊሰልል ነው። ሌላ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?»

የሠራተኞች ተጠሪ ኮሚቴ አለ፤ ቤትሪብስራት ይባላል። ከኮሚቴው ሄር ፎግት የሚባል ቀጭን፣ ትሁት ሰው በፍራው ኬለር ቢሮ ጠበቀኝ። ወረቀቱን ደጋግሞ አስተካክሎ ጀመረ።

«ወደ ፍራው ብራንት መኖሪያ የሄዱት በማን ትእዛዝ ነው?»

«በእናቴ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እናትዎ እዚህ ቤት ይሠራሉ?»

«አይ፣ ከሚሴ ናት።»

ከሚሴ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ፤ ፊደሎቹን ነገርኩት። ጻፈ።

«ሠራተኛዋ በእርግጥ መታመሟን ለማጣራት ነበር?»

«መታመሟንማ አውቄ ነው የሄድኩት። ላልታመመ ሰው ምን ይዤ እሄዳለሁ?»

«ምን ይዘው ነበር?»

«ብርቱካን።»

«ስንት?»

«ስድስት።»

ጻፈ። «ብርቱካኑ ቶሎ ወደ ሥራ እንድትመለስ ለመገፋፋት የታሰበ ነበር?»

«ሄር ፎግት፣ ብርቱካን ነው። የሚበላ ነው።»

«አድራሻዋን ከየት አገኙት?»

«ከማህደሯ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፍራው ኬለር ዓይኗን ጨፈነች። የዚያን ጊዜ ነው ገደል መግባቴን ያወቅሁት።

«በእኛ አገር ለባጃጅ ሹፌር ስም ከነገሩት ያደርስዎታል» አልኩት።

«እዚህ ባጃጅ የለም» አለ። ከልቡ ያዘነልኝ ይመስል ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ በአድራሻው ጉዳይ ልክ ነበር። የሰው ማህደር ለሥራ እንጂ ለሌላ ነገር እንደማይከፈት ራሴ ለተማሪዎቼ አስተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ብርቱካን ስይዝ ፈተናው ከጭንቅላቴ ወጣ። እናቴ ካስተማረችኝና እኔ ካስተማርኩት፣ የእናቴ በለጠብኝ።

ሄር ፎግት ሲወጣ ፍራው ኬለር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ክፉ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን ክሱ በጽሑፍ ነው፣ መልሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ሙከራሽ ሦስት ወር ይራዘማል። የታመመ ሠራተኛ ቤት እንደማትሄጂም ትፈርሚያለሽ።»

«ሐምሌ ላይ ፈቃድ አለኝ። እናቴ ታማብኛለች።»

«በሙከራ ጊዜ ፈቃድ የለም። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«ሹመቱን ብመልስላችሁስ? ተራ ነርስ ልሁን።»

«ትችያለሽ። የዚያን ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ትይዣለሽ። ያልተያዘው ወር የትኛው ነው?»

መልሱን ከእኔ ነበር የጠበቀችው፤ ሰሌዳውን ያወጣሁት እኔ ነኛ። «ኅዳር» አልኳት። እስከዚያ ያለውን፣ የእነሱን በጋ በሙሉ፣ ለአሥራ ስምንቱ ሰዎች በገዛ እጄ አካፍዬ ጨርሼዋለሁ። ለፍራው ብራንት የሰጠኋት ነሐሴን ነው።

ሥራውን ጥዬ ብሄድ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴ ከዚህ ቤት ጋር የታሰረ ነው። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ወንድም የለንም፤ ሩቂያ ገና ተማሪ ናት። ይህን ሁሉ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አወጣሁ አወረድኩ። ከዚያ ፈረምኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው የፈረምኩት፤ ልማድ ነው። ወደ ፎቄ ወጥቼ ሐምሌ ላይ ያለውን ስሜን በላጲስ አጠፋሁት። እርሳሱን ጫን ብዬ ጽፌው ስለነበር ቦታው ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል፤ ሰው አያየውም፣ እኔ ግን ሳልፍ አየዋለሁ።

ፍራው ብራንት በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ከስታለች። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ፎጣ እያጠፈች፣ ሳታየኝ፣ «ብርቱካኑን በላሁት» አለች።

«ለምን ከሰስሽኝ ታዲያ?»

«ደነገጥኩ። ፀጉሬን አልታጠብኩም፣ ቤቱ አልተጠረገም፣ አለቃዬ በሬ ላይ ቆማለች። እዚህ ከመግባቴ በፊት የነበረ አለቃዬም ቤቴ መጥቶ ነበር። በወሩ አባረረኝ።»

«እኔ እኮ እንደሱ አይደለሁም።»

«አሁን አወቅሁ።»

«ካወቅሽ ክሱን አንሺልኛ።»

«ተጽፏል እኮ» አለች፤ «የተጻፈ ነገር እንዴት ይነሣል?»

ከዚያ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኳት፤ «ከእኔ ሌላ የመጣ ሰው ነበር?»

«ፖስታ አምጪው» አለች። ፎጣዎቹን መደርደሪያው ላይ ደረደረች። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «ብርቱካኑ ግን አይጣፍጥም ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «የእናንተ አገር ብርቱካን ነዋ።»

ይህን የምጽፍላችሁ ፈቃዴ ሊጀምር በነበረበት ቀን ነው። ለእናቴ «ሐምሌ ላይ ሥራው አልለቀቀኝም» ብቻ ብያታለሁ፤ ስለ ክሱ አታውቅም። ጠዋት ሄር ኦቶ «ገዛሽ?» አሉኝ፣ «አልገዛሁም» አልኩ። ከሥራ ስወጣ ወደ ከሚሴ ደወልኩ። ሩቂያ አነሳችና በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ሐኪሙ የሁለት የእግር ጣቶቿን መቆረጥ አንስቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይወስናል። ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት።

«አከም ጅርተ፣ ኢንተላ ኮ?» አለች። «እንዴት ነሽ፣ ልጄ» ማለቷ ነው፤ ልቧ ሲባባ በኦሮምኛ ነው የምታናግረኝ።

«ፈያ ነኝ እማ፣ አልሐምዱሊላህ። እግርሽስ?»

«እግር ምን ይሆናል፣ ተኝቷል። ቤቱ ግን ሠርግ መስሏል። የኮሌጅ ተማሪዎችሽ ስድስት ሆነው መጡ። አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባባሉ ሲስቁ ዋሉ፣ ምን እንደሚያስቃቸው አላወቅሁም። የባቲዋ አክስትሽ ሦስት ቀን አድራ ሄደች። ከእግሬ አጠገብ ያለውን ፍራሽ ግን ያንቺ ነው ብዬ ሰው አላስቀምጥም። እትዬ ብርቄ ብቻ ትቀመጥበታለች፣ ጉልበቷን ስለሚያማት።»

«ትቀመጥበት።»

«የሹመት ሥራ ነውና ሐምሌ ባይሆን መስከረም ትመጫለሽ። አንቺ እዚያ የሰው በሽተኛ ጠይቂ፣ እዚህ ደግሞ ሰው የአንቺን ይጠይቅልሻል። እንዲያ ነው የሚሆነው። ያቺ የጻፍሽልኝ ሴትዮ ተሻላት?»

«ተሻላት።»

«ምን ይዘሽላት ሄድሽ?»

«ብርቱካን።»

«ስንት?»

ሄር ፎግት ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። «ስድስት» አልኩ።

«ስድስት? ሰዓዳ! ደርዘን አትይዢም? ጀርመን ገብተሽ ስስት ጀመርሽ?» ብላ ሳቀች፤ ሩቂያም ከጀርባ ሳቀች። «ለመሆኑ ከእሷ ወዲህ ማንን ጠየቅሽ?»

የፈረምኩትን ወረቀት ለእናቴ እንዴት ነው የምተረጉምላት? «ሥራ በዛብኝ እማ» አልኩ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። አልተቋረጠም።

«እሺ ልጄ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እናቴ በሌላ ሰው ስትቀየም እንጂ በእኔ ስትቀየም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እንደኔ በሰው አገር ያላችሁ፣ በግድግዳ ማዶ የምታስል ጎረቤት ካለቻችሁ አድራሻዋን ከማህደር ሳይሆን ከአፏ ጠይቁ፣ አስፈቅዱ፣ ግን ሂዱ። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩት። በሩ ባይከፈት ፌስታሉን እጀታው ላይ አንጠልጥሉት። ከሚሴ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት መናኸሪያው ጋ ለቆመ ባጃጅ «የሐዋ ቤት» በሉት፤ ያደርሳችኋል። በሩ ክፍት ነው፣ የገባችሁበትን ሰዓት የሚጽፍ የለም። ብርቱካን ያዙ፣ ደርዘን ይሁን። እትዬ ብርቄ ካልተቀመጠችበት ከእናቴ እግር አጠገብ ያለው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ማን ላካችሁ ብትላችሁ ስሜን ንገሯት።